ድጉስ፦ የመጻሕፍት ልብስ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ልጆች፥ ባለፈው ትምህርታችን ብራና ከምን እንደሚሠራ፥ የፍየሉ ወይም የበጉ ቆዳ እንዴት እንደሚወጠርና እንደሚፋቅ ተምረናል። ዛሬ ደግሞ ጸሐፊው ጽፎ ከጨረሰ በኋላ የሚሠራውን ሥራ እናያለን። ብዙ ሰው የብራና መጽሐፍ ሲባል የሚያስበው ጽሑፉንና ሥዕሉን ብቻ ነው። እኛ ግን ዛሬ መጽሐፉን ሳንገልጥ ውጪውን እንመለከታለን። በመጨረሻም በዚያው አሠራር ለየራሳችን ደብተር እንሰፋለን። ስለዚህ በደንብ አንብቡ፤ ያላነበበ መስፋቱ ይከብደዋል።

ከንፈራችን የሚነካው ምንድን ነው?

በቅዳሴ ጊዜ ወንጌሉን ስትሳለሙ ከንፈራችሁ የሚነካው ጽሑፉን አይደለም፤ ሽፋኑን ነው። በጥንት መጻሕፍታችን ይህ ሽፋን በእንጨት ላይ የተለበጠ፥ በጌጥ የታተመ ቆዳ ነው። ስሙም ድጉስ ይባላል። ሥራው መደጎስ፥ ሠራተኛው ደግሞ ደጓሽ ይባላል። አንዳንድ ጊዜ ጸሐፊውና ደጓሹ አንድ ሰው ነው፤ አንዳንድ ጊዜ ግን ጽሕፈቱን የጨረሰው ሰው ብራናውን ለሌላ ባለሙያ ይሰጣል።

ደጓሹ ሥራውን የሚጀምረው ከቆዳው አይደለም። መጀመሪያ የተጻፈባቸውን ቅጠሎች ያስተካክላል። እያንዳንዱ ብራና መካከሉ ላይ ታጥፎ ሁለት ቅጠል ይሆናል። እንዲህ የታጠፉ አራት ወይም አምስት ብራናዎች አንዱ በአንዱ ውስጥ ሲገቡ ጥራዝ ይባላል። ስለዚህ አንድ ጥራዝ ስምንት ወይም ዐሥር ቅጠል አለው ማለት ነው። ጥራዞቹ እንዳይምታቱ ጸሐፊው በየጥራዙ መጀመሪያ ከላይ ቁጥር ያደርጋል። ትልቅ ወንጌል ብዙ ጥራዝ ስላለው ቁጥሩ ባይኖር ማቴዎስና ሉቃስ ይደበላለቁ ነበር።

ከዚያ በኋላ ሁለት ገበታ ይጠረባል፤ አንዱ ለፊት፥ ሌላው ለኋላ። ገበታው ከወይራ፥ ከዋንዛ ወይም በአካባቢው ከሚገኝ ሌላ ጠንካራ እንጨት ነው። በጀርባ በኩል ባለው ጠርዙ ትንንሽ ቀዳዳዎች ይበሳሉ። ከዚያም ስፌቱ ይቀጥላል። ክሩ ከጅማት ወይም ከተፈተለ ጥጥ ይሠራል። መርፌው ከአንዱ ጥራዝ ወጥቶ ወደሚቀጥለው ይገባል፤ ሲወጣም የቀደመውን ስፌት ይይዛል። በዚህ መንገድ ጥራዞቹ እርስ በርሳቸው ይያያዛሉ። ቆዳ ያልለበሰ የብራና መጽሐፍ ካያችሁ ጀርባው ላይ የእኅቶቻችሁን ሹሩባ የሚመስል ጉንጉን ታያላችሁ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አስተውሉ። በጥራዞቹ ጀርባ ላይ ሙጫ የለም። እናንተ ከሱቅ የምትገዙት አንዳንድ ደብተር በሙጫ ብቻ ስለተያያዘ ሙጫው ሲደርቅ ቅጠሉ አንድ በአንድ ይረግፋል፤ ሰኔ ሳይደርስ ግማሹ ደብተር የለም። የብራና መጽሐፍ ግን በክር ስለተሰፋ ሲገለጥ ጠፍጣፋ ሆኖ ይተኛል። በአትሮንስ ላይ ሲዘረጋ ተመልሶ አይዘጋም፤ አንባቢውም በእጁ መያዝ አያስፈልገውም። ክሩ ቢበጠስ ደግሞ መጽሐፉ አይጠፋም፤ ጥራዞቹ ተፈትተው እንደገና ይሰፋሉ።

ጌጡ

ስፌቱ ሲያልቅ ገበታው በለፋ ቆዳ ይለበጣል። ቆዳው ብዙ ጊዜ የፍየል ወይም የበግ ነው፤ መልኩም ቀላ ያለ ቡናማ ይሆናል። የቆዳው ጠርዝ ወደ ውስጥ ታጥፎ በገበታው ላይ ይለጠፋል። በጀርባው ራስጌና ግርጌ ከቀጭን ጠፍር የተጎነጎነ ጌጥ ይሰፋል፤ ይህም መጽሐፉ ሲነሣና ሲቀመጥ ጫፉ እንዳይሰነጠቅ ይረዳል።

ከዚያ ደጓሹ ትንንሽ የብረት ማተሚያዎቹን በእሳት ያግላል። አንዱ ክብ፥ አንዱ ቀጥ ያለ መስመር፥ አንዱ ነጠብጣብ ያወጣል። ቆዳውን አርጥቦ በጋለው ብረት ሲጫነው ምልክቱ ጠቆር ብሎ ይታተማል። በብዙዎቹ ድጉሶች ላይ ወርቅም ቀለምም የለም፤ ጌጡ ሁሉ የሚወጣው ከእጅና ከሙቀት ነው። መካከል ላይ መስቀል ይሆናል። በመስቀሉ ዙሪያ ባለ ጌጥ ክፈፍ፥ በክፈፉ ዙሪያ ሌላ ክፈፍ፥ እንደገና ሌላ ክፈፍ ይከተላል። እኔ ለማስታወስ እንዲመቻችሁ በቤተ ክርስቲያን እመስለዋለሁ፤ ከውጪ ቅኔ ማኅሌት፥ ቀጥሎ ቅድስት፥ መካከል ላይ መቅደስ እንዳለ ሁሉ ዓይናችን በድጉሱ ላይ ከክፈፍ ወደ ክፈፍ እየገባ መስቀሉ ዘንድ ይደርሳል።

መጽሐፉ ሲገለጥ ደግሞ በገበታው ውስጠኛ ገጽ መካከል ጨርቅ ተለጥፎ ታገኛላችሁ። ይህ ጨርቅ አንዳንድ ጊዜ ከሕንድ ወይም ከሌላ ሩቅ አገር በነጋዴ የመጣ ነው። ስለዚህ አንድ ድጉስ ብቻውን ብዙ ይናገራል፤ ቆዳው ስለ እረኛው፥ ገበታው ስለ ዛፉ፥ ጨርቁም ስለ ነጋዴው ያስታውሰናል። በጨፋ ሜዳ ላይ በበጋ ስንት ዓይነት መንጋ እንደሚሰማራ የምታውቁ እናንተ የቆዳውን ነገር ከከተማ ልጆች የበለጠ ይገባችኋል።

ድጉስ ለብሶም መጽሐፉ ራቁቱን አይሄድም። ማኅደር የሚባል የቆዳ ከረጢት ይሰፋለታል። ማኅደሩ ማንገቻ ስላለው መነኩሴው በትከሻው አንግቶ ይጓዛል፤ ቤትም ሲገባ በግድግዳ እንጨት ላይ ይሰቅለዋል። ከመሬት ከፍ ብሎ ስለሚሰቀል እርጥበትም ምስጥም በቀላሉ አያገኘውም።

የወርቅና የብር ልብስ

ለአንዳንድ ወንጌል ቆዳ ብቻ አልበቃም። በትግራይ በዓድዋ አካባቢ በአባ ገሪማ ገዳም ሁለት ጥንታውያን ወንጌሎች አሉ። አባ ገሪማ ከዘጠኙ ቅዱሳን አንዱ ናቸው። በአባቶች ትውፊት ወንጌሉን በአንድ ቀን ጽፈው እንደጨረሱ፥ ሥራቸው እስኪፈጸምም ፀሐይ እንደቆመችላቸው ይነገራል። በዘመናችን ከብራናው ቅንጣት ቁራጭ ተወስዶ በእንግሊዝ አገር በኦክስፎርድ ተመርምሯል። በውጤቱም የሁለቱ ወንጌሎች ብራና እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ390 እስከ 660 ባለው ጊዜ ውስጥ እንደተሠራ ተገምቷል። ከዚያ በፊት ብዙ የውጭ አገር ሊቃውንት መጻሕፍቱን በብዙ መቶ ዓመታት ወደ እኛ አቅርበው ይገምቱ ነበር።

ከሁለቱ የአንዱ ገበታ በወርቅ በተቀባ የመዳብ ሉሕ ተለብጧል፤ መካከሉ ላይም ትልቅ መስቀል አለ። በሉሑ ላይ ያሉት ጉድጓዶች ምናልባት የከበረ ድንጋይ ይዘው የነበሩ ናቸው። ሽፋኑ ራሱ ከመጽሐፉ ጋር እኩል ያረጀ ነው የሚሉ ሊቃውንት አሉ። እንዲህ ከሆነ በዓለም ላይ ከመጽሐፋቸው ጋር ሳይለያዩ ከቆዩት ሽፋኖች እጅግ ጥንታዊ ከሆኑት አንዱ ነው።

ወደ እኛ እንቅረብ። ከጨፋ ሮቢት ተነሥተን በከሚሴና በኮምቦልቻ አድርገን ደሴን ብናልፍ ሐይቅ እንደርሳለን። በዚያ በሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም አባ ኢየሱስ ሞዓ በ1273 ዓ.ም. ያስጻፉት ወንጌል አለ። የተጻፈበት ዘመን በግልጽ ከሚታወቅ የአገራችን ባለ ሥዕል ወንጌሎች ቀደምት ከሆኑት መካከል ይቆጠራል። ሳይጠፋ የቆየው ከ740 ዓመት በላይ ነው። ምን ያህል ዝናብ፥ ምን ያህል ጦርነት፥ ምን ያህል አይጥ እንዳለፈ አስቡት! ብራናው ጠንካራ ነው፤ ነገር ግን ያልተሰፋ ብራና ቢሆን ኖሮ ቅጠሉ አንድ በአንድ ተበትኖ አንዱ እዚህ ሌላው እዚያ ይቀር ነበር።

በ1960ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ይህን ወንጌል ጨምሮ በሺህ የሚቆጠሩ የአገራችን ብራናዎች በማይክሮፊልም ተነሥተዋል። ይህ ታላቅ ሥራ ነው። ይሁን እንጂ የገጹ ፎቶግራፍ ጽሑፉን ያሳየናል እንጂ ክሩ በየት ገብቶ በየት እንደወጣ፥ ገበታው ከምን እንጨት እንደተጠረበ አይነግረንም። ስፌቱን ማወቅ የሚፈልግ መጽሐፉን ራሱን ማየት አለበት።

በሌላ አገርስ?

በእንግሊዝ አገር ቅዱስ ኩትበርት ይባል የነበረ ጳጳስ በ687 ዐረፈ። በ1104 የአስከሬኑ ሣጥን ሲከፈት ቁመቷ 14 ሳንቲ ሜትር ያህል የሆነች ትንሽ የዮሐንስ ወንጌል ተገኘች። (ሁለቱም ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ሽፋኗ በእንጨት ገበታ ላይ የተለበጠ ቀይ የፍየል ቆዳ ነው። ስፌቷ ደግሞ አሁን እንደ ሹሩባ ነው ካልነው ከእኛው ስፌት ጋር ዘመድ ነው። የሁለቱም ሥር በግብፅ ክርስቲያኖች ዘንድ ስለሆነ ዛሬ በመላው ዓለም የቅብጥ ስፌት ተብሎ ይጠራል። የእንግሊዝ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ይህችን ትንሽ መጽሐፍ በ2012 በ9 ሚሊዮን ፓውንድ ገዝቷታል፤ የ1300 ዓመት ልብሷን እንደለበሰች ናት።

አሁን ወደ ዘመናችን እንምጣ። ዛሬ በብዙ አገር ያሉ የእጅ ባለሙያዎች የዕለት ውሎ መመዝገቢያ ደብተር ሲሠሩ ይህንኑ ስፌት ይጠቀማሉ፤ ደብተሩ ሙሉ በሙሉ ስለሚዘረጋ ለመጻፍ ይመቻል። ቆዳ ያለብሱታል፤ ክፈፍና ሐረግ የመሰለ ጌጥ ያትሙበታል። ይህ ጥሩ ነው። የአባቶችን ሙያ ዓይቶ መማር፥ በአዲስ ቆዳና በአዲስ ወረቀት አዲስ ነገር መሥራት ሙያውን በሕይወት ያቆየዋል።

ከድሮው መጽሐፍ ላይ ድጉሱን ነቅሎ መውሰድ ግን ሌላ ነገር ነው። ልጆች፥ ይህንን ለይታችሁ እወቁ። ድጉሱ ሲነቀል ስፌቱ ይፈታል፤ ስፌቱ ሲፈታ ጥራዞቹ ይለያያሉ፤ ከዚያ ባለ ሥዕሉ ቅጠል ለአንዱ፥ ሌላው ለሌላው ይሸጣል። በዓለም ገበያ ላይ ከኢትዮጵያ መጻሕፍት ተገንጥለው የሚሸጡ ነጠላ ቅጠሎች አሉ፤ ከየትኛው ቤተ ክርስቲያን እንደወጡ እንኳ ማወቅ ያስቸግራል። በአገራችን ሕግም ቅርስን ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣት የተከለከለ ነው፤ በ1992 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 209 ይህንን ደንግጓል። እንግዲህ አንድ ሰው መጥቶ «ይህ አሮጌ ቆዳ ምን ያደርግላችኋል? አዲስ ልግዛላችሁ» ቢላችሁ መልስ ለመስጠት አትቸኩሉ፤ ሄዳችሁ ለካህኑ ወይም ለዕቃ ቤት ጠባቂው አባት ንገሩ።

በወሎአችን ይህ ነገር በትልቁ ደርሶብናል። በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ በመቅደላ ሲሞቱ የእንግሊዝ ጦር ንጉሡ ሰብስበዋቸው የነበሩትን መጻሕፍት ወሰደ። ከተዘረፈው ዕቃ ብዙው በደላንታ ሜዳ በጨረታ ተሸጠ። 350 ያህል ብራናዎች ለንደን ወደሚገኘው የብሪታንያ ሙዚየም ገቡ። ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ክብረ ነገሥት እንዲመለስላቸው ጠይቀው አንዱ መጽሐፍ ተመልሷል። አብዛኛዎቹ ግን እስከ ዛሬ እዚያው እንግሊዝ አገር ናቸው።

ሙያውም እንደ መጽሐፉ ሊጠፋ ይችላል። የጎረቤቶቻችንን የሙስሊሞችን ምሳሌ ልንገራችሁ። ሐረር ቁርኣን በመጠረዝ ለብዙ መቶ ዓመታት የታወቀች ከተማ ናት። የእነርሱ ሽፋን ከእኛ የሚለየው ከኋላው ገበታ የሚወጣ ክዳን ስላለው ነው፤ መጽሐፉ ሲዘጋ ክዳኑ የቅጠሎቹን ጫፍ ይሸፍናል። የመጨረሻው የታወቁ የጥረዛ መምህር ሲያርፉ ሙያው አብሯቸው ሊቀበር ነበር። በከተማዪቱ ሙዚየም ያቋቋሙት አቶ አብዱላሂ ዐሊ ሸሪፍ ግን ከመምህሩ ተማሪዎች ዘንድ ሄደው ሙያውን ተማሩ፤ ብዙ አሮጌ መጻሕፍትንም አድሰዋል። አንድ ሰው ጠይቆ በመማሩ ስንት መጽሐፍ እንደዳነ ተመልከቱ።

እንስፋ!

አሁን ወደ እጃችን ሥራ እንግባ። የሚያስፈልገን 20 ሉክ ነጭ ወረቀት፥ ሁለት ጠንካራ ካርቶን፥ ወፍራም የጥጥ ክር፥ አራት መርፌ፥ ወስፌና ማስመሪያ ነው። የጧፍ ቁራሽም ያዙ። ክሩን በጧፉ ላይ ሁለት ሦስት ጊዜ ብትጎትቱት ሰሙ ይይዘዋል፤ አይቋጠርም፥ ቶሎም አይበጠስም።

ወረቀቱን መካከሉ ላይ እጠፉ። አራት አራቱን አንዱን በአንዱ ውስጥ ስታስገቡ አምስት ጥራዝ ይኖራችኋል። ካርቶኑን ከወረቀቱ ትንሽ አስበልጣችሁ ቁረጡ። በእያንዳንዱ ጥራዝ እጥፋት ላይ ከላይ ወደ ታች በ4፥ በ7፥ በ14 እና በ17 ሳንቲ ሜትር አራት ቀዳዳ ብሱ። ልኩ በሁሉም ጥራዝ አንድ ካልሆነ ደብተሩ ጠማማ ይሆናል፤ ስለዚህ አንዱን ቁራጭ ወረቀት መለኪያ አድርጉት። በካርቶኑም ላይ ከጠርዙ 1 ሳንቲ ሜትር ገባ ብላችሁ በዚያው ልክ ብሱ። ወስፌውን ታናናሾቻችሁ አይያዙት።

አራቱ ቀዳዳዎች ሁለት ጥንድ ናቸው። ለአንዱ ጥንድ አንድ ረጅም ክር ውሰዱና በሁለቱም ጫፍ መርፌ አድርጉ። ሁለቱን መርፌዎች ከመጀመሪያው ጥራዝ ውስጥ በሁለቱ ቀዳዳዎች ወደ ውጪ አውጧቸው። እያንዳንዱን መርፌ በፊተኛው ካርቶን ቀዳዳ ከውጪ ወደ ውስጥ አስገቡ፤ በካርቶኑና በጥራዙ መካከል አውጡና ክሩን አንድ ጊዜ በራሱ ላይ ጠምጥሙት። ከዚያ ሁለተኛውን ጥራዝ አስቀምጡ። መርፌዎቹ በየቀዳዳቸው ይገባሉ፤ እጥፋቱ ውስጥ ይተላለፋሉ፤ አንዱ በሌላው ቀዳዳ ይወጣል። ሲወጣ በታች ያለውን ስፌት ሥሩን ይይዝና ወደ ሦስተኛው ጥራዝ ይወጣል። በዚሁ ቀጥሉ። መጨረሻ ላይ ክሩን በኋለኛው ካርቶን ቀዳዳ አሳልፋችሁ ከውስጥ በኩል ቋጥሩት። ሌላውን ጥንድም እንዲሁ ስፉ። መጀመሪያ ቢያስቸግራችሁ አትናደዱ፤ ሦስተኛው ጥራዝ ላይ እጃችሁ ይለምዳል።

ሽፋኑን ቆዳ ለማልበስ የምትፈልጉ ከጫማ ሰፊ ዘንድ ቁርጥራጭ ለምኑ፤ ካጣችሁም ወፍራም ጨርቅ ይሆናል። በዱቄት ሙጫ ካርቶኑ ላይ ለጥፉት። ጀርባው ላይ ግን ሙጫ እንዳይነካ፤ ነገሩን ከላይ ነግሬአችኋለሁ። ለጌጡ ቆዳውን በእርጥብ ጨርቅ አርሱና በማንኪያ እጀታ እየተጫናችሁ መስመር አውጡ። የጋለ ብረት ለእናንተ አይደለም።

ብዙዎቻችሁ መስቀል ልናደርግበት እንችላለን ወይ ብላችሁ ትጠይቁ ይሆናል። የእኔ ምክር ይህ ነው፦ ደብተሩ የጸሎትና የመዝሙር ከሆነ አድርጉበት፤ በአክብሮትም ያዙት። የሒሳብ ደብተር ከሆነና መሬት የሚጣል፥ የሚቀመጡበት ከሆነ ክፈፉንና ሐረጉን ብቻ አድርጉ።

የጥንት ጸሐፊዎች በመጽሐፉ መጨረሻ ማን እንዳስጻፈው፥ ማን እንደጻፈው ይጽፉ ነበር፤ ያነበበው ሰው እንዲጸልይላቸውም ይለምኑ ነበር። እናንተም የመጨረሻውን ቅጠል ባዶ ተዉት። ስፌቱን የጨረሳችሁበትን ቀንና ዓመተ ምሕረት፥ ስመ ክርስትናችሁን፥ ወስፌውን የያዘላችሁን ሰው ስም እዚያ ላይ ጻፉ።

መልመጃ

1. ጥራዝ ምንድን ነው? በአምስት የታጠፉ ብራናዎች የተሠራ አንድ ጥራዝ ስንት ቅጠል አለው? ስንትስ ገጽ?
2. የብራና መጽሐፍ ሲገለጥ ጠፍጣፋ ሆኖ የሚተኛው ለምንድን ነው?
3. የአጥቢያችሁን ዕቃ ቤት ጠባቂ አባት በትሕትና ጠይቁ፤ ድጉስ የለበሰ መጽሐፍ ካለ ከሩቅ ሆናችሁ በድጉሱ ላይ ያሉትን ክፈፎች ቁጠሩ። እጃችሁን አታሳርፉበት። የቆጠራችሁትን በአዲሱ ደብተራችሁ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ሥላችሁ ለሚመጣው እሑድ ይዛችሁ ኑ።